ብርቅ የእንግሊዝኛ ቃላትና የግስ ቤት ልማድ

የአንድ ቋንቋ ቃላት ሁሉ እኩል አይሠሩም፤ ጥቂቶቹ በየዓረፍተ ነገሩ ሲመላለሱ የቀሩት እልፍ አእላፍ ዓመት ሙሉ ሳይታዩ ሊያልፉ ይችላሉ። እንግሊዝኛን የሚማር ሰው የቃላት ሀብቱን ለማሳደግ ሲነሣ ግን ጉልበቱን አብዝቶ የሚያፈስሰው በሁለተኞቹ፣ ማለትም ብርቅ በሆኑትና ተናጋሪያቸውን ሊቅ በሚያስመስሉት ቃላት ላይ ነው። ይህ ዝንባሌ የት ላይ እንደሚጠቅምና የት ላይ ድካም ብቻ ሆኖ እንደሚቀር ለመመርመር መካነ ሰላምና በዙሪያዋ የተዘረጉት የቦረና፣ የሳይንት፣ የወግዲ፣ የከላላና የለጋምቦ ደጋዎች የተመቸ መነሻ ናቸው። ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘነብለው በዚህ የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል እንግሊዝኛ ዘግይቶ የገባ የትምህርት ቤት ቋንቋ ነው፤ በገበያና በቤት የማይነገር ቋንቋን ብርቅ ቃላት ከነእርባታቸው አስተምሮ፣ ተማሪው በእነዚያ ቃላት የራሱን ድርሰት እንዲፈጥር የማድረግ ጥበብ ግን በቅኔ ቤቱም ሆነ በመስጊዱ ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት ለብዙ ትውልድ ሲሠራበት ኖሯል።

በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል፤ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ ይሆናል። ስለዚህ የቦረና ልጅ ስለ አፈር መሸርሸርና ስለ ደም ዝውውር በአፍ መፍቻው ተምሮ 9ኛ ክፍል ሲገባ ያንኑ ዕውቀት በባዕድ ስም እንደገና መተዋወቅ ይኖርበታል፤ በቃላት በኩል ሲታይ ይህ የሽግግር ዓመት ከትምህርት ዘመኑ ሁሉ የከበደው ነው። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መተላለፍ በጀመረ ጊዜ ችግሩ ጎልቶ ወጥቶ ነበር፤ "ፕላዝማ" የሚል ስም የወጣለት ያ ሥርጭት ለማንም ቆሞ የማይጠብቅና ያለፈውን የማይደግም በመሆኑ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት የማያውቃቸው ቃላት ያጋጠሙት ተማሪ አራተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ትምህርቱ ከእጁ ያመልጠው ነበር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጥቶ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ የሆኑበትን ውጤት በቃላት እጥረት ብቻ ማመካኘት ትክክል አይሆንም፤ ይሁን እንጂ ፈተናው በእንግሊዝኛ የሚቀርብ እስከሆነ ድረስ፣ የፊዚክሱን ሕግ እያወቀ ጥያቄው የጠየቀውን ያልተረዳ ተማሪ ሕጉን ጭራሽ ከማያውቀው ጋር እኩል ዜሮ ማግኘቱ አይቀርም።

ለዚህ ችግር ተማሪዎች በተለምዶ የሚይዙት መፍትሔ ሽምደዳ ነው። በደብተር በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው ይሰለፍና ዝርዝሩ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል፤ ወደ ውጭ አገር ለመማር የሚያስቡት ደግሞ ባሮንስ የተባለው አሳታሚ ለጂአርኢ ፈተና ያዘጋጀውን 3,500 ቃል የያዘውን ዝነኛ ዝርዝር ኮፒ እያስደረጉ ሲቀባበሉ ኖረዋል። የዝርዝሩ ዝና ግን ከፈተናው ባሕርይ ጋር አብሮ ተለውጧል። የአሜሪካው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ኤስኤቲ ዓረፍተ ነገርን በብርቅ ቃል የማሟላት ጥያቄዎቹን እ.ኤ.አ. በ2016 አስቀርቷል፤ ጂአርኢም እ.ኤ.አ. በ2011 ሲከለስ ተቃራኒን ከነጠላ ቃል መፈለግ ቀርቶ ቃሉን ከነዐውዱ፣ ማለትም በዙሪያው ካለው ሐሳብ ጋር አገናዝቦ መምረጥ በቦታው ገብቷል። ፈታኞቹ ራሳቸው የቃልን ዕውቀት ከንባብ ነጥለው መመዘኑን እየተዉት መጥተዋል ማለት ነው።

የቃላትን ብዛትና ድግግሞሽ የሚያጠኑ ምሁራን ነገሩን በቁጥር ያስረዳሉ። ቁጥራቸውን ለመረዳት በቅድሚያ "የቃል ቤተሰብ" የሚባለውን መለኪያ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይኸውም አንድ መሠረታዊ ቃል ከእሱ ከሚወጡት እርባታዎች ጋር እንደ አንድ የሚቆጠርበት አሠራር ሲሆን፣ አናላይዝ፣ አናሊስስ፣ አናሊቲካልና አናሊስት በዚህ አቆጣጠር አንድ ቤተሰብ ናቸው። ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ዝርዝር የመረጣቸው 2,000 ያህል ቤተሰቦች ከአንድ ተራ ጽሑፍ ቃላት ወደ 80 በመቶ የሚሆኑትን ይሸፍናሉ፤ አቬሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ከዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት ለቅማ ያወጣቻቸው 570 ቤተሰቦች ደግሞ በትምህርታዊ ጽሑፍ ውስጥ ተጨማሪ 10 በመቶ ያህል ይይዛሉ። የኒውዚላንዱ ሊቅ ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባቀረበው ስሌት አንድ አንባቢ ጋዜጣና ልብ ወለድ ያለ ረዳት ለማንበብ የገጹን ቃላት 98 በመቶ ማወቅ አለበት፤ ለዚህም ከ8,000 እስከ 9,000 የሚደርሱ ቤተሰቦች ያስፈልጉታል። በትምህርት ያደገ አፍ መፍቻው እንግሊዝኛ የሆነ ሰው 20,000 ገደማ ያውቃል ተብሎ ይገመታል።

እነዚህ አኃዞች በአንድ ገጽ ላይ ሲታዩ ትርጉማቸው ይለያል። 300 ቃላት ያሉት የባዮሎጂ ገጽ ላይ 80 በመቶውን የሚያውቅ ተማሪ 60 ጊዜ ይደናቀፋል፤ መዝገበ ቃላት ይዞ ቢቀመጥ እንኳ የመጀመሪያውን ሐሳብ ለሦስተኛው አያደርሰውም። 90 በመቶ ሲደርስ እንቅፋቶቹ ወደ 30 ይወርዳሉ። 98 በመቶ ላይ ግን የማይታወቁት ቃላት 6 ብቻ ስለሚሆኑ፣ በዙሪያቸው ያሉት 294 የታወቁ ቃላት ትርጉማቸውን እየጠቆሙ ሳይጠየቁ ያስተምሩታል። ብርቅ ቃል በንባብ የሚለመደው ከዚህ ደረጃ በኋላ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የባሮንስን ዝርዝር የሚወርድ ተማሪ ሥራውን ከጣራው ጀምሯል፤ ሎኳሺየስ ማለት ለፍላፊ መሆኑን እያወቀ በመማሪያ መጽሐፉ ምዕራፍ ሁሉ የሚመላለሱትን ሀይፖቴሲስን፣ ዴራይቭንና ኢንፈርን አጥርቶ አለማወቁ የተለመደ ነገር ነው። ብርቅ የሚባሉት ቃላትም ሁለት ወገን ሆነው መለየት ያለባቸው ለዚህ ነው፤ አንዱ ወገን በጓዳና በገበያ የማይሰማ፣ በመጽሐፍና በቢሮ ግን ዕለት ተዕለት የሚሠራ ነው፤ ሌላው ወገን በሁሉም ቦታ ብርቅ ሲሆን የሚጠቅመውም ለሥነ ጽሑፍ አንባቢ፣ ለተርጓሚና ለባለ ልዩ ሙያ ብቻ ነው።

እንግሊዝኛ ይህን ያህል የቃል ክምችት ሊያበጅ የቻለው በታሪኩ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ቤተ መንግሥቱና ፍርድ ቤቱ በፈረንሳይኛ ሲሠራ ገበሬው በጥንቱ ቋንቋው ቀጠለ፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ሊቃውንቱ ከላቲንና ከግሪክ መጻሕፍት ቃል በገፍ ያስገቡ ጀመር፤ በዚህም የተነሣ ከቃላቱ ከግማሽ የሚበልጡት ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የመጡ ሆኑ። ስለዚህ "መጠየቅ" ለሚለው ሐሳብ የገበሬው አስክ፣ የፈረንሳይኛው ክዌስችን እና የላቲኑ ኢንተሮጌት ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ የመጨረሻው የመርማሪ ፖሊስ ጠረን አለው። ለአማርኛ አንባቢ ይህ እንግዳ ሥርዓት አይደለም፤ የሚጠጣውን ውሃ ብሎ የኖኅን ዘመን ጥፋት ማየ አይኅ የሚል ሰው፣ በአንድ ቋንቋ ውስጥ ከፍ ያለ ወግ የሚነገርበት ሌላ የቃል ንጣፍ መኖሩን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል።

የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትም የተዘጋጀው ለእነዚሁ አዲስ ገብ ከባድ ቃላት ነበር። መምህሩ ሮበርት ካውድሪ እ.ኤ.አ. በ1604 ያሳተመው መጽሐፍ 2,500 ያህል ቃላትን ብቻ ይዞ፣ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል ያላቸውን ተራ ቃላት ጨርሶ ተዋቸው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1755፣ ሳሙኤል ጆንሰን ከ40,000 በላይ ቃላት የያዘውን ታላቅ መዝገበ ቃላቱን አወጣ፤ ጆንሰን የላቲን ቃል ወዳድነቱ የታወቀ ከመሆኑ የተነሣ መረብን ሲፈታ እንኳ ከመረብ የከበዱ ቃላትን በመጠቀሙ እስከ ዛሬ ይሣቅበታል። ለወሎ አንባቢ የሚገርመው ግን ሌላው የሰውየው ገጽ ነው፤ ጆንሰን በወጣትነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1735፣ የኢየሱሳዊውን የአባ ጀሮኒሞ ሎቦን የሐበሻ ጉዞ ተርጉሞ አሳትሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1759 የጻፈው ራሰላስ የተባለው ልብ ወለድም መሳፍንት ተዘግተው የሚኖሩበትን ሸለቆ "በአምሐራ መንግሥት" ውስጥ ያደርገዋል። ያን አገር አንድም ቀን አላየውም፤ ሐሳቡ ግን በአምባሰሉ አምባ ግሸን ይታሰሩ ከነበሩት ልዑላን ወሬ የተነሣ ነው። ስለዚህ የብርቅ ቃላት ወዳጅ የሆነ የመካነ ሰላም አንባቢ ራሰላስን ሲያነብ፣ የከባድ እንግሊዝኛ ዋና መምህር ስለ ራሱ አገር ምን እንዳለመ ጭምር ያያል።

ከላቲንና ከግሪክ የመጡት ቃላት መብዛታቸው ለተማሪው ሸክም ብቻ ሳይሆን አቋራጭም ነው፤ ምክንያቱም እነዚህ ቃላት የሚሠሩት ከጥቂት ሥሮችና ቅጥያዎች ነው። ሥር ዋናውን ሐሳብ የሚይዘው የቃሉ ክፍል ሲሆን፣ ቅጥያ ከፊቱ ወይም ከኋላው ተጨምሮ ሐሳቡን የሚያዞረው ምዕላድ ነው፤ ምዕላድ ደግሞ የአማርኛ ሰዋስው መጻሕፍት እንደሚያስተምሩት ትርጉም ያለው ትንሹ የቋንቋ ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚቀረው ነገር፣ ከእነዚህ የግሪክና የላቲን ሥሮች፣ ወደ እንግሊዝኛ ከገቡት የዐረብኛ ቃላትም ብዙዎቹ በወሎ ሰው አፍ ላይ ቀድመው መኖራቸው ነው፤ የገቡትም በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በጋራዥ በኩል ነው።

በቤተ ክርስቲያን በኩል የመጡት ግሪክኛ ናቸው። ኤጲስ ቆጶስ የሚለው ማዕረግ "በላይ" ከሚል መነሻና "ተመልካች" ከሚል ሥር የተሠራ ስለሆነ በቀጥታው ሲፈታ የበላይ ተመልካች ማለት ነው፤ ይኸው የመመልከት ሥር በማይክሮስኮፕና በቴሌስኮፕ ውስጥ ይገኛል፤ "በላይ" የሚለው መነሻም የሰውነትን የላይኛውን ቆዳ በሚሰይመው ኤፒደርሚስ ላይ አለ። ወንጌል የሚለው ቃል መልካም ብሥራት ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን፣ "መልካም" የሚለው መነሻው ለሟች የሚደረገውን የምስጋና ንግግር በሚሰይመው ዩሎጂና አስቀያሚውን ነገር በለዘብተኛ ቃል መናገርን በሚሰይመው ዩፌሚዝም ላይ ይገኛል። ኦርቶዶክስ ውስጥ ያለው "ቀጥ ያለ፣ የቀና" የሚል ሥር ሐኪም ቤት ሲገቡ ኦርቶፔዲክስ፣ ጽሕፈት ላይ ሲደርሱ ኦርቶግራፊ ሆኖ ይቆያል። ጰንጠቆስጤ ሃምሳኛ ማለት በመሆኑ ከአምስት ማዕዘኑ ፔንታጎን ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ዲያቆን ሆኖ ያገለገለ ተማሪ እነዚህን ቃላት ከባዶ አይጀምርም።

በመስጊድ በኩል የመጣው ዐረብኛ ነው። አልጀብራ ከሒሳብ ሊቁ ከአል ኸዋሪዝሚ መጽሐፍ ርእስ፣ አልጎሪዝም ደግሞ ከሰውየው ከራሱ ስም የተወለዱ ናቸው። ዜሮና ምሥጢራዊ ጽሕፈትን የሚሰይመው ሳይፈር ሁለቱም ባዶን ከሚያመለክተው የዐረብኛ ቃል ወጥተዋል፤ አልኮል እንኳ ሴቶች ዐይናቸውን ከሚኳሉበት ከኩል ጋር አንድ አመጣጥ አለው። መጋዘንና ማጋዚንም እንዲሁ አንድ ናቸው፤ የእህል ማከማቻው ስም በአውሮጳ ቋንቋዎች ዞሮ የጽሑፍ ማከማቻ ስም ሆነ።

የጋራዡ ክፍል በጣልያንኛና በፈረንሳይኛ የገባው ሲሆን፣ ከሦስቱም ለከፍተኛ እንግሊዝኛ አብዝቶ የሚያገለግለው እሱ ነው። ፍሬን ልጓም ማለት ከሆነው የላቲን ቃል ስለመጣ፣ ራስን መግታት ማለት የሆነውን ሪፍሬን የሚለውን ግስ ለማስታወስ ከዚህ የተሻለ መንገድ አይገኝም። መኪና ከሚወጣበት ሥር ሴራ መጎንጎንን የሚሰይመው ማኪኔሽን፣ ፋብሪካ ከሚወጣበት ደግሞ ውሸት መፈብረክን የሚሰይመው ፋብሪኬት ይወጣል፤ አማርኛውም "ፈበረከ" ብሎ በዚሁ መንገድ ሄዷል። ፊርማ "ማጽናት" ከሚል ሥር ስለሆነ አፈርም፣ ኮንፈርምና የድርጅት ስም የሆነው ፈርም ወንድማማቾቹ ናቸው፤ ቢሮም ቢሮክራሲን ወልዷል። እርግጥ መንገዱ አልፎ አልፎ ያስታል፤ ፋብሪክ በእንግሊዝኛ ጨርቅ እንጂ ፋብሪካ አይደለም፤ ስለዚህ ሥርን ተከትሎ የተገመተ ትርጉም በመዝገበ ቃላት መረጋገጥ አለበት።

የአካባቢው መሬትም የራሱን ብርቅ ቃላት ይዞ ይጠብቃል። በክረምት ጎርፍ የደጋውን አፈር እየሸረሸረ ወደ ዓባይ ሲያወርድ ጂኦግራፊው ይህን ኢሮዥን ይለዋል፤ ቃሉ የመጣበት የላቲን ሥር ማኘክ፣ መከርከም ማለት በመሆኑ በጎተራ እህል የሚከረክረው አይጥ የሚመደብበት ሮደንትና ብረትን ዝገት የሚበላበት ኮሮዥን ከዚያው ይወጣሉ፤ ጂኦግራፊ፣ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ለየብቻ የሚያስተምሯቸው ሦስት ቃላት አንድ ጊዜ ተያይዘው ከተያዙ እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ። የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ኢንደሚክ፣ ማለትም በዚህ አገር ብቻ የሚገኙ ናቸው ሲባል፣ ቃሉ "በውስጥ" ከሚል መነሻና "ሕዝብ" ከሚል የግሪክ ሥር የተሠራ መሆኑን ያወቀ ሰው ኤፒደሚክን፣ ፓንደሚክንና ዴሞክራሲን በአንድ ረድፍ ያስቀምጣል።

ቃልን በዚህ መንገድ በዘር በዘሩ ማስተማር ለአገሩ አዲስ አይደለም፤ በግእዝ ቅኔ ቤት ግስ የሚባለው ትምህርት ይኸው ነው። የቅኔ ቤቱ ተማሪ በመጀመሪያ ቀተለንና ቀደሰን የመሰሉ የግስ አርእስትን፣ ማለትም ሌሎቹ ግሶች በአረባባቸው የሚከተሏቸውን አለቆች ያጠናል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ግስ በአድራጊ፣ በተደራጊ፣ በአስደራጊ፣ በተደራራጊና በአደራራጊ አዕማድ ሲዘረዘር፣ ስሙና ቅጽሉ ሲወጣለት ይሰማል፤ ስለዚህ አንድ ግስ መያዝ ማለት ከሥሩ የሚበቅለውን ሁሉ መያዝ ነው። በስሟ ቅኔ የተጠራላት የወሎዋ ዋድላ ከጎጃሞቹ ዋሸራና ጎንጅ ጋር የራሷ ሥልት ያላት ቤት ናት። በእስልምናው በኩልም ደረሳ የሚባለው የወሎ የመስጊድ ተማሪ ሰርፍ የሚባለውን የቃል እርባታና ነህው የሚባለውን የዐረፍተ ነገር ሥርዓት አጁሩሚያ ከተባለው የሰዋስው መጽሐፍ ጀምሮ እስከ ኢብን ማሊክ ባለ 1,000 ስንኝ አልፊያ ድረስ ሲወርድ ኖሯል፤ የሰርፍ ትምህርትም እንደ ግሱ ሁሉ ከአንድ ሥር ብዙ ቃል ማርባትን ያስለምዳል።

ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ግን ከግሱ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። የቅኔ ተማሪ ቃል ሰብስቦ አይቀመጥም፤ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ እያደገ በየዕለቱ የራሱን ቅኔ መቁጠር አለበት፤ ለዚህም ጸጥ ወዳለ ቦታ ብቻውን ወጥቶ ያሰላስላል። የቆጠረውን ይዞ ሲመለስ በነገራ ጊዜ ለየኔታ ያሰማል፤ የኔታም ግሱ ያለቦታው የገባበትን፣ ቤቱ የተፋለሰበትን፣ ምሥጢሩ ያልገጠመበትን ነቅሰው ያቀኑለታል። አዲሱ ቃል በዚህ መንገድ በአንድ ቀን ውስጥ ተሰምቶ፣ ታስቦበት፣ ተሠርቶበትና ታርሞ ስለሚያድር ከአእምሮ አይጠፋም። በዘመናዊው የእንግሊዝኛ ክፍል የጎደለው ይህ ሁለተኛው እርምጃ ነው፤ ተማሪው ቃሉን ይጽፋል፣ ትርጉሙን ያጠናል፣ በፈተና ላይ ከአራት ምርጫ ያከብበዋል፤ በራሱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ለሚያርመው ሰው የሚያሰማበት ጊዜ ግን እምብዛም የለም። በቅኔ ቤት አካባቢም ሽምደዳን በአቋራጭ ለመወጣት አብሾ የተባለ ዕፅ የሚጠጡ ተማሪዎች እንደነበሩ በሰፊው ይነገራል፤ ዕፁ መርዛም ከመሆኑም በላይ የሚያመጣው ልቡናን ሳይሆን ቅዠትን ነው፤ ነገር ግን ያለ ድካም ብዙ ቃል የመያዝ ምኞት ከባሮንስ ዝርዝር በፊት እንደነበረ ያሳያል።

የመርሳትን ሥርዓት በሙከራ ያጠናው ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት ትርጉም የሌላቸውን ቀለማት በራሱ ላይ እየሞከረ፣ የተጠና ነገር አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሚጠፋ፣ እየተራራቀ የሚደረግ ክለሳ ግን ጥፋቱን እንደሚያዘገይ አሳየ። ከዚህ የተነሣ ቃልን በተጠና ማግስት፣ ከሦስት ቀን፣ ከሳምንትና ከወር በኋላ እየመለሱ መከለስ በአንድ ሌሊት አሥር ጊዜ ከመውረድ ይበልጣል፤ አንኪን የመሳሰሉ የስልክ መተግበሪያዎች የሚሠሩት በዚሁ ስሌት ሲሆን፣ መብራትና ኔትወርክ በማይታመንበት ቦታ በካርቶን ቁራጭ የተዘጋጀ ካርድም ያንኑ ይሠራል። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ግን ወሳኝ ነው። "ኢሮዥን፣ መሸርሸር" ብሎ መተው ሽምደዳውን በሌላ ወረቀት መድገም ይሆናል፤ ቃሉ የተገኘበት ዓረፍተ ነገር ከነምዕራፉ፣ የሥሩ ትርጉም፣ ሁለት ዘመዶቹ፣ አብሮት የሚሄደው ግስ፣ በመጨረሻም ተማሪው ስለ ራሱ ቀበሌ እርሻ የጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሰፍሩ ካርዱ የግስ ቤቱን ሥራ ይሠራል።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉ መዛግብት ከሞላ ጎደል አሉ። አምሳሉ አክሊሉና ሞስባክ ያዘጋጁትና ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ለብዙ ተማሪ ትውልድ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነበር፤ በዚያው ዓመት ቮልፍ ሌስላው ያወጣው ደግሞ እያንዳንዱን ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ስለሚፈታ ለዐውድ የሚጨነቀውን ተማሪ ይበልጥ ያረካዋል። በአማርኛ መዛግብተ ቃላት ታሪክ መነሻ ላይ ያሉት ሰው የዚሁ የጥንቱ አምሐራ ምድር ልጅ፣ ከመካነ ሥላሴ የወጡት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1652 በጀርመኗ ጎታ ከተማ ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተቀምጠው የሚጠየቁትን እየመለሱ፣ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 ላሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ዋናውን ዕውቀት ሰጥተዋል። ሉዶልፍ አማርኛን የተማረው ከመጽሐፍ ዝርዝር ሳይሆን ከሚያርመው ሰው አፍ ነበር።

የብርቅ ቃል አደጋ ባለማወቅ ሳይሆን በግማሽ በማወቅ ይመጣል። የክብር እንግዳን ለማወደስ "ታዋቂ" ለማለት ኖቶሪየስ የሚል ተናጋሪ እንግዳውን በክፋቱ የታወቀ ብሎ ሰድቦታል፤ ቀጭን ለማለት ስሌንደር ሲያሞግስ ስኪኒ ያንቋሽሻል። ረዣዥም ቃል የሚያበዛን ሰው የሚሰይም ሴስኩዊፔዳሊያን የተባለ ቃል እንግሊዝኛ ራሱ ያለው ሲሆን፣ ቀጥተኛ ትርጉሙ "ጫማ ተኩል የሚረዝም" ማለት ነውና ቃሉ በራሱ ላይ ያሾፋል። በእንግሊዝኛ የጻፉ ኢትዮጵያውያንን መመልከት እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም አፈርሳታ ብሎ በሰየመው ልብ ወለዱ የገጠሩን የሸንጎ ምርመራ በአጫጭርና ቀላል ዓረፍተ ነገሮች ሲተርክ፣ የማይተረጎመውን ቃል እንዳለ ለርእስነት አስቀምጦታል፤ ዳኛቸው ወርቁም ዘ ሰርቲንዝ ሰን የተባለውን እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ ልብ ወለዱን በቀጥታ በእንግሊዝኛ ጽፏል። ሁለቱም በአማርኛ ጭምር የጻፉ ደራስያን በመሆናቸው በሁለት ቋንቋ የቃል ምርጫ ምን እንደሚመስል ከእነሱ ማጥናት ይቻላል።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን የዘጋ በመሆኑ በየቤቱ የሚደረግ የግል ጥናት ከወትሮው የበለጠ ሸክም ተሸክሟል፤ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ ያለው መሆኑ ደግሞ ወደፊት ለአካባቢው መምህራንና አንባቢዎች የሚቀርብ ቤተ መጻሕፍት ተስፋ ነው። ለ9ኛ ክፍል የሚስማማው አሠራር ግን ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። በሳምንት አንድ ገጽ ከመማሪያ መጽሐፉ ይመረጥና ከኮክስሄድ 570 ቤተሰቦች መካከል በገጹ ላይና በዙሪያው ያሉ አሥር ይወጣሉ፤ ተማሪው አሥሩን ከነእርባታቸው በካርድ ያወርዳል፣ በእያንዳንዳቸው የራሱን ዓረፍተ ነገር ይቆጥራል፣ ሐሙስ ወይም ዓርብም በክፍል ፊት ያሰማል፤ መምህሩም እንደ የኔታ ቃሉ የተፋለሰበትን ብቻ ነቅሰው ያቀናሉ። በዚህ አካሄድ 570ው በ57 ሳምንት ያልቃሉና የትምህርት ዓመቱ 40 ሳምንት ያህል ቢሆን ተማሪው 10ኛ ክፍል ሳያጋምስ ይጨርሳቸዋል፤ ሐኪም ለመሆን የሚያስበው ወደ ግሪኩ፣ ሕግ የሚያስበው ወደ ላቲኑ ሥር ጠለቅ ብሎ የየሙያውን ብርቅ ቃላት የሚያነሣበት ጊዜ፣ 11ኛና 12ኛ ክፍል ሙሉ፣ ከፊቱ ይቀረዋል።